የአማቴ በቅሎ በእንጨት

እጄ ለጥበብ እንዳልተፈጠረ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሳላውቀው ብዙ ዓመት የኖርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሚዛን ተፈሪ ሥነ ሕይወት ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የሰው ልብ ስዬ ዞር ስል፣ ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች «መምህር፣ ጎደሬ ነው ስኳር ድንች?» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን በጠመኔው አሳብብ ነበር።

አንድ ክረምት ለተጨማሪ ትምህርት ጅማ ሄድኩ። ምሳ የምበላበት ቤት ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ድምፁ ሁልጊዜ ዝግ ነው። አንድ ቀን ሽሮዬን እየጠበቅሁ ቀና ስል፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያንጠለጠለ አንድ የፈረንጅ ሽማግሌ የስፌት መኪና ከሚመስል ነገር ፊት ተቀምጦ አየሁ። መርፌ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ቀጭን የመጋዝ ምላጭ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ሽማግሌው ጣውላውን እንደ ጨርቅ ያዞረዋል፣ ምላጩም መስመሩን ተከትሎ ይቆርጣል። ቀዩን እንጨት ለብቻው፣ ነጩን ለብቻው፣ ጥቁሩን ለብቻው ቆራርጦ፣ ጠርዛቸውን አለሳልሶ፣ ጎን ለጎን ሲገጣጥማቸው ፈረስ ሆኑ። አንዲት ጠብታ ቀለም አልነካቸውም። የጋማው ጥቁረት የእንጨቱ የራሱ ጥቁረት ነው።

ሽሮው መጥቶ ቀዘቀዘ። ሽማግሌው በየመሀሉ ጣቱን እያነሳ አንድ ነገር አጥብቆ ያስጠነቅቅ ነበር። ድምፅ ስለሌለው ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ኋላ ሁሉንም በገዛ ጣቴ ላይ አንድ በአንድ ተማርኩት።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። በረንዳችን ላይ በእግር የሚረገጥ መኪና ይዛ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ጓዳ ውስጥ ደግሞ ከአክስቷ የወረሰችው ሌላ መኪና ነበር፤ ጭንቅላቱ ዝጎ አልቋል፣ ብረት እግሩና ፔዳሉ ግን ደህና ናቸው። በዚያን ጊዜ የሚዛን መብራት በፈለገው ሰዓት መጥቶ ሳይሰናበት የሚሄድ ስለነበር፣ በእግር የሚሠራ መጋዝ ለእኔ የተላከ መሰለኝ።

«የአክስትሽን መኪና እግር ልውሰደው?» አልኳት።

«ምን ልታደርግበት?»

«ለጥበብ ሥራ።»

መቀሷን አስቀመጠችና እስከ ጫማዬ ድረስ አየችኝ። «ለምን ሥራ?»

ደገምኩላት። መልስ ሳትሰጠኝ ወደ ስፌቷ ተመለሰች፤ እኔም ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። መናኸሪያው አጠገብ ያለው የብየዳ ቤት ባለቤት የበቆሎ መፈልፈያ የምሠራ መስሎት በጣም ተባበረኝ። ክንድ የሚያህል ብረት በየደልኝ፣ ቺንጋ የሚሉትን የማዞሪያ ቀበቶ አሰረልኝ። ምላጩን ከአንድ ወርቅ ሠሪ ለመንኩ፤ እነሱ ቀለበት የሚቆርጡበት እንደ ክር የቀጠነ ምላጭ አላቸው። ሰውየው ወርቅ የምነግድ መስሎት እየተጠራጠረ ሰጠኝ። እውነቱን ስነግረው የበለጠ ተጠራጠረ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ዓሣ ነበር። ከዋንዛና ከቡና እንጨት ገጣጥሜ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ጎረቤታችን ትኩስ ድስት ይዛ ገባችና «ጎበዝ፣ ማስቀመጫ ሠራችሁ!» ብላ ላዩ ላይ አሳረፈችው። ቀጥዬ ወፍ ሠራሁ። ያየው ሁሉ የአገር ካርታ ነው ብሎ የትኛው ጫፍ ሚዛን እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር። ብናኙም በረንዳውን ሞላው። መስከረም ላይ ክፍል ገብቼ ሳስተምር ግማሹ ተማሪ አንገቱን ያካል። መጀመሪያ ቅማል የገባ መስሎኝ ስለ ንጽሕና ረጅም ምክር ሰጠሁ። ከዚያ የሚያኩት ሁሉ አዲስ ዩኒፎርም የለበሱት እንደሆኑ አየሁ፤ ባለቤቴ የሰፋችው፣ ኮሌታው በእኔ ብናኝ የተሞላ። ምክሬን አሳጥሬ ወደ ትምህርቱ ገባሁ።

የባለቤቴ አባት ከሸዋ ቤንች ከተማ ወዲያ ባለ መንደር ቡናና ንብ ይዘው ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ከጅማ በኩል መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሱቅ ላለው ነጋዴ ለመዳር ሲያስቡ ጠመኔ የያዘ መምህር ስለመጣባቸው በእኔ ብዙም ደስተኛ አልነበሩም። ክፉ ቃል ግን ወጥቷቸው አያውቅም፤ እንዲያውም ቃል የሚባል ነገር አይወጣቸውም። በየበዓሉ ስንሄድ «መምህር፣ ደህና ናችሁ?» ይላሉ። ቀጥለው «ሚዛን ዝናቡ እንዴት ነው?» ይላሉ። እኔ ስለ ዝናቡ እናገራለሁ፤ ሌላ የምንነጋገረው ስላልነበረን አንዳንዴ ያልዘነበውንም ጨምሬ።

የሚያወሩት ከበቅሏቸው ጋር ነበር። አመድማ፣ ያረጀች፣ ግትር በቅሎ ነበረች። ገበያ ሲወጡ መንገዱን ሙሉ ያወሯታል፤ የቡናውን ዋጋ፣ የጎረቤቱን ጠብ፣ የጉልበታቸውን ሕመም። ከወንዙ ድልድይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆምና አማቴ ጮክ ብለው «ቢስሚላህ» እስኪሉ ድረስ አንድ እርምጃ አትሄድም። መንደሩ ሁሉ ይህን ያውቃል።

በአንዱ ከባድ ዝናብ ገመዷን በጥሳ ወጣችና ጅብ በላት። አማቴ ኮርቻዋን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ፣ ዘንጋቸውን አነሱ፣ ገበያ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ሌላ ይግዙ ቢባሉ እሺም እምቢም አላሉም።

«አባዬ አሁን ከማንም ጋር አያወራም» አለች ባለቤቴ አንድ ቀን ቁልፍ እየተከለች። «እናቴ ተጨንቃለች።»

እኔም እዚያው ተነሳሁ። «በቅሎዋን በእንጨት እሠራላቸዋለሁ።»

«የበቅሎ መልክ ታውቃለህ?»

«የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ እኮ!»

«እሱማ ልብም ታስተምራለህ» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

አረፋ እስኪደርስ ድረስ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ፔዳል ላይ ነበርኩ። ለገላዋ ጉጥ የበዛበት ዋንዛ መረጥኩ፤ ጉጦቹ ሲለሰልሱ እንደ ዓይን ያበራሉ፣ በጣም ወደድኳቸው። ጋማዋን ከወይራ ሠራሁ። ለአፍንጫዋ ጫፍና ለሆዷ ነጣ ያለውን የቡና እንጨት ተጠቀምኩ፤ አማቴ ዕድሜያቸውን በቡና የኖሩ ናቸው ብዬ፣ በዚህ ሐሳቤ ራሴን እያደነቅሁ። ችግር የገጠመኝ ጆሮዋ ላይ ነው። የጆሮውን ሹል ጫፍ ለማውጣት ስሞክር ምላጩ ይሰበራል፤ ሌላ አስገባለሁ፣ ይሰበራል። በመጨረሻ ጆሮዋን ክብ አድርጌ ተገላገልኩ። የኋላ እግሮቿ ጋ ስደርስ ደግሞ ጣውላው አጠረ። ትንሽ ቁጢጥ ያለች ትምሰል፣ ሕይወት ይሰጣታል ብዬ አሰብኩ። አፏንም ከፈት አድርጌ ጥርስ አወጣሁላት፤ ፈገግታ እንዲሆን።

ያ ሁሉ ሥራ ተገጣጥሞ በኮላ አንድ የጣውላ ሰሌዳ ላይ ሲጣበቅ ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው ጎን አዘነበለች።

«ስኳርና ዘይት እንውሰድላቸው» አለች።

«እሱንም እንወስዳለን።»

«ስኳርና ዘይቱን ብቻ ብንወስድስ?»

ስለ ሥራዬ የቀናች መሰለኝ። ለራሷ ደግሞ ሌላ ጊዜ አንድ ነገር እሠራላታለሁ ብዬ በልቤ ይቅር አልኳት።

ለአረፋ ቤቱ ሙሉ ነበር። የአማቴ ወንድሞች፣ ጎረቤቶች፣ የባለቤቴ እናት፣ ሁሉም ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ምሳ ከተነሳ በኋላ በአንሶላ የጠቀለልኩትን ሰሌዳ ይዤ መሀል ገባሁ። ስለ ዝናቡ ያልሆነ ነገር ለአማቴ ስናገር የመጀመሪያዬ ስለሆነ የምለውን መንገድ ላይ ሸምድጄው ነበር። «አባ፣ የሚወዱትን ያጡ ሰው ነዎት። እንዳይረሷት ብዬ ይህን በገዛ እጄ ሠራሁ» አልኩና አንሶላውን ገፈፍኩት።

በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ሁለት እጃቸውን አንስተው «ቢስሚላህ! ጅቡ!» ብለው ጮኹ።

እኔ ዞር ብዬ በበሩ በኩል ወደ ውጭ አየሁ። እውነቴን ነው፤ ጅብ በቀን የገባ መስሎኝ ነበር። ተመልሼ ሰዎቹን ሳይ ሁሉም የሚያዩት እጄን ነው። ያን ጊዜ እኔም አየሁት። ነጠብጣብ ያለው ገላ፣ ክብ ጆሮ፣ ከኋላ ዝቅ ያለ ወገብ፣ ከአንገቱ ላይ የቆመ ጠጉር፣ ጥርሱን ያወጣ አፍ። በአገራችን እንዲያ ያለ ጥሩ ጅብ የሠራ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አማቴ ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «መምህር» አሉኝ፤ «የበላትን ለምን ሠራኸው?»

«አባ፣ በቅሎዋ ናት።»

«ይህ?»

«አዎ።»

«የኔ በቅሎ?»

«አዎ፣ አባ።»

ባለቤቴ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ የምታለቅስ ለመምሰል የምትችለውን ታደርጋለች። አማቴ ሰሌዳውን ከእጄ ተቀብለው ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ወሰዱት። ጣታቸውን ጆሮው ላይ አሳረፉ። «ጆሮዋ እንዲህ ነበር?» አሉ። ጥያቄው ለእኔ አልነበረም። ለአንዱ ወንድማቸው ነበር።

«ረጅም ነበር» አለ ወንድማቸው። «ግራው ደግሞ ወደ ጎን ይወድቃል።»

«ቀኙ ነው የሚወድቀው» አሉ የባለቤቴ እናት።

«ግራው ነው!»

አማቴ ከምድጃ ከሰል አንስተው ግድግዳው ላይ መሳል ጀመሩ። ሲጨርሱ ሁላችንም አየነው። ፍየል ነበር። ወንድማቸው ከሰሉን ተቀበለና አሻሻለው፤ ፍየሉ ከበደ እንጂ በቅሎ አልሆነም። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ፤ አንገቷ እንዲህ ነበር፣ አይደለም እንዲያ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ጭቃ ውስጥ ስትወድቅ ታስታውሳለህ። አማቴም ይመልሳሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዴ እንዲያውም ጮኹ። እኔን የረሱኝ መሰለኝና ቀስ ብዬ ወደ ጥግ ሸሸሁ።

በበዓሉ ማግስት ሚዛን ገብተን ነገሩን እንደምንረሳው ተስማምተን ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን አማቴ በአይሱዙ መኪና መጡ። በአንድ እጃቸው ዘንግ፣ በሌላው የዋንዛ ጣውላ ይዘዋል። ጉጥ የለውም።

«መጋዙ የታለ?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

አሳየኋቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ፔዳሉ ላይ እንደ እርካብ አስገቡት። ሲረግጡ ቺንጋው ጮኸ፣ ምላጩ ተንቀጠቀጠና ጣውላውን ሳይነካ ተሰበረ።

«ምን ሆነ?»

«ተሰበረ፣ አባ። ቀስ ብለው ነው የሚረግጡት።»

«ቀስ ብለህ ስትረግጥ አንተስ አይሰበርብህም?»

«ይሰበርብኛል።»

«እንግዲያውስ» አሉና ሌላ እንዳስገባ በእጃቸው አመለከቱ።

እኛ ዘንድ ሰነበቱ። እሳቸው ይረግጣሉ፣ እኔ ጣውላውን አዞራለሁ፤ ሲደክመኝ እንቀያየራለን። ከሁለታችን ማን የባሰ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። እኔ መስመሩን ስስት እደነግጣለሁ፤ እሳቸው ሲስቱ መስመሩ ነው የተሳሳተው ይሉና እርሳስ አንስተው መጋዙ በሄደበት በኩል አዲስ ያሰምራሉ። ባለቤቴ ዩኒፎርሟን ሰብስባ መኝታ ቤት ገባች። «አንዱ አልበቃ ብሎኝ» ትላለች ስታልፍ። ግን ደጋግማ ታልፍ ነበር።

እግራቸው ፔዳል ላይ ሲሆን ያወራሉ። ፔዳሉ ሲቆም ወሬውም ይቆማል። ስለዚህ እኔ ምላጭ ቶሎ እንዳይሰበር መጠንቀቅ ጀመርኩ፤ ለእንጨቱ ብዬ አይደለም። ከጅማ ሲመጡ ጫማ እንዳልነበራቸው፣ የመጀመሪያውን ቀፎ የሰቀሉበትን ዛፍ፣ በእኔ ምክንያት የመለሱትን ባለሱቅ ጭምር ነገሩኝ። «ጥሩ ሱቅ ነበረው» አሉ፤ ሳይከፋቸው፣ እኔም ሳይከፋኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የአንገቷን ቁራጭ እየቆረጥን ሳለ እንዲህ አሉኝ፤ «ሚስትህ ልጅ ሳለች ወባ ይዟት ነበር። ሰውነቷ እንደ ፍም ሆነ። በቅሎዋ ላይ ከፊቴ አቅፌ ይዣት ወደ ሚዛን ሆስፒታል ወጣሁ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እኔ አፌ ደርቋል፤ ቃል አይወጣኝም። አሁን ትቆማለች፣ ልጄም እጄ ላይ ትሞታለች ብዬ አሰብኩ።»

«ከዚያስ?»

«አልቆመችም። ምንም ሳልላት አለፈች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ ትቆም ነበር፤ ያን ቀን ብቻ አልቆመችም።»

ጣውላውን ማዞር ትቼ ቀና ስል ባለቤቴ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። በእጇ ያልተሰፋ ኮሌታ ይዛለች። «ይህን ለእኔ ነግረኸኝ አታውቅም፣ አባዬ» አለች።

«አልጠየቅሽኝማ» አሉ እሳቸው፣ ዓይናቸውን ከምላጩ ሳያነሱ። «ሌላ በቅሎ ብገዛ ከእሷ ጋር እያወዳደርኩ አዲሷን እበድላታለሁ። ለዚህ ነው ያልገዛሁት።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አዙር እንጂ፤ አንገቷ እያለፈህ ነው!»

አንገቷ አልፎኝ ነበር። በዚያው ትንሽ ቀጠነ። ጆሮዋን ግን አማቴ ራሳቸው ያዙት፤ በእኔ ክብ ጆሮ ስለተቆጩ በጣም አስረዘሙት፣ ግራውንም ወደ ጎን ጣሉት። በመጨረሻ ሁሉም ተጣብቆ ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ሦስታችን ፊቱ ቆምን። አሁን ጥንቸል ነበር። ትልቅ፣ የተከዘ፣ ኮርቻ የተጫነ ጥንቸል። እኔ ወደ ባለቤቴ አየሁ፤ ባለቤቴ ወደ ጣሪያው አየች።

«እሷ ናት» አሉ አማቴ።

«እሷ ናት» አልኩ እኔም። የዋሸሁ አልመሰለኝም።

ጥንቸሏን ይዘው ሄዱና ሳሎናቸው ውስጥ ከኮርቻው አጠገብ ሰቀሏት። የእኔን ጅብ ደግሞ የከብቶቹ በረት በር ላይ ቸነከሩት፤ ሌላ ጅብ ቢመጣ ቦታው ባለቤት ያለው መስሎት ይመለሳል ብለው። በኋላ ከባለቤቴ እናት እንደሰማሁት፣ እንግዳ ሁሉ ሳሎን ገብቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል አማቴ መጀመሪያ የሰውየውን ፊት እያዩ «ምን መሰለህ?» ይላሉ። «በቅሎዎ ናት መሰለኝ» ካለ፣ «እኔ ነኝ የሠራኋት» ይላሉ። «ጥንቸል ነው?» ካለ ደግሞ፣ «አማቼ ነው የሠራው፣ መምህር ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» ይላሉ። ከእንግዶቹ አብዛኞቹ የእኔን ስም እያነሱ እንደሚወጡ እገምታለሁ።

ከሚቀጥለው የቡና ለቀማ በኋላ በቅሎ ገዙ። ለማየት ሄድን። ዳማ፣ ወጣት፣ እግሯ ቀጥ ያለ፣ ሰው ሲቀርባት የምትደነብር ነበረች። አማቴ ግቢው ውስጥ ገመዷን ይዘው እያዞሩ ያሳዩናል፤ የሚያወሯት ደግሞ በቀስታ ነው፣ ገና እንደተዋወቁ ሰዎች። እኔ ከኪሴ ወረቀትና እርሳስ አውጥቼ ከጆሮዋ ጀመርኩ።

አማቴ አዩኝ። ገመዱን አጥሩ ላይ አሰሩና ወደ እኔ መጥተው እርሳሱን ከእጄ በቀስታ ወሰዱት።

«ተው፣ ልጄ» አሉኝ። «ይህቺ ገና ልጅ ናት። ትንሽ ትኑር።»